«እናውቃለን» ያሉት ሰዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለፈው እሑድ ከጉባኤው በኋላ አንዲት እናት ቆማ ጠበቀችኝ። ልጇ ከተወለደ ጀምሮ መራመድ አይችልም። ከእኛው መካከል አንዱ «በቤታችሁ የተሠራ ኃጢአት ቢኖር ነው፤ ንስሐ ግቡ» ብሏታል። «እውነት ነው ወይ?» አለችኝ። ደክሞኝ ነበር። ቦርሳዬን አንግቻለሁ፣ ልቤ ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። «እኅቴ፣ የእግዚአብሔር ሥራ አይመረመርም» አልኳትና ሸኘኋት።

አጠገቧ ወንድሟ ቆሞ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ካቆመ ቆይቷል። እኔን ምንም አላለኝም። እሷን ግን «አላልኩሽም? እዚህ ሲመጣ ጭንቅላትን በር ላይ አስቀምጦ መግባት ነው» ሲላት ሰማሁ። መንገዱን ሙሉ በልቤ ስከራከረው ሄድኩ። ሃይማኖት ለሰው ልጅ የሠራውን በጎ ነገር አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ቤቴ ስደርስ ግን የረታሁት አልመሰለኝም።

ማታ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 9 ገለጥኩ። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ታሪክ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ምዕራፍ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ገና ሁለተኛው ቁጥር ላይ ያዘኝ። ደቀ መዛሙርቱ ሰውየውን አይተው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ይላሉ። ያችን እናት ያቆሰላት ቃል ይኸው ነው። ከጌታ ጋር ውለው የሚያድሩ ሰዎችም ብለውታል። ጌታም መለሰላቸው፤ እሱም አልሠራ፣ ወላጆቹም አልሠሩ።

እንግዲህ ተመልከቱ። እናትየዋ የጠየቀችኝ ጌታ በግልጽ የመለሰውን ጥያቄ ነው። መልሱ ቁጥር ሦስት ላይ ተጽፏል። እኔ «አይመረመርም» አልኳት። የማይመረመር ነገር አለ፣ በእሱ አልደራደርም። የእኔ ግን ምሥጢር ማክበር አልነበረም፤ ስንፍና ነበር። ስንቶቻችን ስንፍናችንን በዚህ ቃል እንደምንሸፍን እግዚአብሔር ይወቀው።

ጌታ በምድር ላይ እንትፍ አለ፣ ጭቃ አደረገ፣ ዓይኖቹን ቀባው። አባቶች ይህን ጭቃ አዳም ከተፈጠረበት አፈር ጋር ያያይዙታል። ያን ጊዜ ከአፈር ያበጀው እጅ አሁን የጎደለውን ሞላ ይላሉ። ሰውየው ሄዶ በሰሊሆም ታጠበ፣ እያየም መጣ። እዚህ ላይ እልል መባል ነበረበት። ችግሩ ቀኑ ሰንበት ነው። ጭቃ ማድረግ ደግሞ ሥራ ነው ተባለ። ምርመራ ተጀመረ።

በዚህ ምርመራ ውስጥ «ማወቅ» የሚለውን ቃል ተከተሉት። ፈሪሳውያን «ይህ ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን እኛ እናውቃለን» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እግዚአብሔር ሙሴን እንደ ተናገረው እኛ እናውቃለን» ይላሉ። ወላጆቹ ተጠሩ። ልጃችን ነው፣ እንዴት እንዳየ ግን አናውቅም፣ እሱን ጠይቁት አሉ። የእነሱ «አናውቅም» ከፍርሃት የመጣ ነው። ክርስቶስ ነው ብሎ የሚመሰክር ከምኵራብ እንዲወጣ አስቀድሞ ተወስኗልና። አስቡት፤ ልጃቸው ማየት በጀመረበት ቀን የእናትና የአባት ደስታ በፍርሃት ታፈነ። ያፈነውም የሃይማኖት ጉባኤ ነው።

ሰውየውስ? ያዳነህ ሰው የት አለ ሲሉት «አላውቅም» አለ። ኃጢአተኛ ነው ሲሉት ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ኃጢአተኛ መሆኑን አላውቅም፤ ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ።» ከዚህ የጠራ አስተሳሰብ ከየት ይመጣል? የማያውቀውን አላውቅም አለ። የሚያውቀውን ደግሞ ቢያስፈራሩትም አልለቀቀም። ሲደጋግሙበትም ደቀ መዛሙርቱ ልትሆኑ ትወዳላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። (እዚህ ጋ ሁሌ ያስቀኛል።) መልስ ሲያጡ ምን አሉ? «አንተ ሁለንተናህ በኃጢአት ተወለድህ፥ አንተም እኛን ታስተምረናለህን?» አውጥተውም ጣሉት።

ወገኖቼ፣ ይህን ስናነብ ሁልጊዜ ከሰውየው ጎን እንቆማለን። እኔ ግን በዚያ ምሽት ራሴን ከመርማሪዎቹ መካከል አገኘሁት። ምኵራቡን የያዝነው እኛ ነን። መድረኩም ማይኩም በእኛ እጅ ነው። አንዲት ልጅ ጥያቄ ስታነሣ «መናፍቅ ሆንሽ እንዴ?» የምንለው እኛ ነን። መምህር ሲሳሳት አይተን ለስሙ ብለን ዝም የምንል፣ የተበደለውን ደግሞ «ቤተ ክርስቲያንን አታሰድብ» የምንል እኛ ነን። ወጣቱ ሲሸሽ ዓለም ወሰደው እንላለን። አንዳንዱን ዓለም አልወሰደውም፤ ገፍተን ያስወጣነው እኛ ነን።

«እናውቃለን» የት ድረስ እንደሚያደርስ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ። ክርስቶስን ለመገናኘት በረሃብ ሙቱ የሚል የአንድ ሰባኪ ትምህርት ነው ወደዚያ ያደረሳቸው ተብሏል። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት አሉ። ጾም የኛ ቃል ነው፣ መታዘዝም የኛ ቃል ነው። «ይህ የት ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅ ክህደት ሲሆን ቅዱስ ቃል ሰው ይገድላል።

አንዳንዱ «እሱ ወጣ ያለ ሰባኪ ነው፣ እኛ ሥርዓት አለን» ይል ይሆናል። ሥርዓት ይጠቅማል፣ እኔም አምንበታለሁ። ግን ሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋው በተፈጸመበት እ.ኤ.አ. በ1994 አብዛኛው ሕዝቧ ክርስቲያን ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱም የቆየ ሥርዓት ነበራቸው። በንያማታና በንታራማ ሰዎች ሕይወታችንን ያተርፍልናል ብለው የተጠለሉት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ የተገደሉትም እዚያው ነው። ይህን ጽፌ ብዙ ማብራራት አልችልም። እናልቅስበት።

ታዲያ የዚያች እናት ወንድም እውነቱን ነው? እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ብቻውን ቢያምን አይሻልም? በዚህስ አልስማማም። ብቻውን ያለ ሰው ሲሳሳት ማን ያርመዋል? እኔን ያረመኝ ይህ ምዕራፍ ራሱ በአንድ ሰው እጅ አልደረሰኝም። ማተሚያ ባልነበረበት ዘመን ሰዎች ተሰብስበው ገለበጡት፣ ጠበቁት፣ አነበቡት። ጌታም ቢሆን የምኵራቡን ሰዎች ገሠጸ እንጂ ምኵራብ መሄዱን አልተወም። ሉቃስ በሰንበት ወደዚያ መግባት ልማዱ እንደነበር ይነግረናል። የቤርያ ሰዎችን ደግሞ አስታውሱ። ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ሰብኳቸው፣ ነገሩ እንዲህ ይሆን ወይ ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ይህን ልበ ሰፊነት ብሎ አመሰገነው። መረመሩ፤ የመረመሩትም አብረው ነው።

ቅዱስ ባስልዮስንም አስባለሁ። እ.ኤ.አ. ወደ 369 ገደማ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ረሃብ ሲገባ የራሱን ንብረት ሸጦ ሕዝቡን መገበ። ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከከተማዋ ውጭ ለድኾች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠራ። ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ እንደመሰከረለት፣ ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ይስማቸው ነበር። ያን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። የሚያዋጣ፣ የሚያበስል፣ ቁስል የሚያጥብ ጉባኤ ይፈልጋል። ይኸው አባት ደግሞ ወጣቶችን ከአረማውያን መጻሕፍት እንኳ እንደ ንብ መልካሙን እየመረጣችሁ ውሰዱ ብሎ መክሯል። ጭንቅላታችሁን በር ላይ አስቀምጡ አላለም።

የግብፅ በረሃ መነኩሴ የነበረውን አባ እንጦንስን ደግሞ አንድ ቀን አረጋውያን ሊጠይቁት መጡ። አባ ዮሴፍም አብሯቸው ነበር። እንጦንስ ከመጽሐፍ አንድ ቃል አንሥቶ ከታናሹ ጀምሮ ትርጉሙን ጠየቃቸው። ሁሉም እንደ ዐቅሙ መለሰ። ለእያንዳንዱ «ገና አላገኘኸውም» አለው። በመጨረሻ አባ ዮሴፍን ጠየቀው። «አላውቅም» አለ። እንጦንስም «አባ ዮሴፍ መንገዱን አግኝቷል፤ አላውቅም ብሏልና» አለ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ መሰላችሁ! ያን እሑድ ግን ትዝ አላለኝም።

ወደ ዮሐንስ ልመለስ። ሰውየው ተባሮ መንገድ ላይ ነው። «ወደ ውጭም እንዳወጡት ኢየሱስ ሰማ» ይላል። ሰምቶም ፈለገው፣ አገኘው። በእግዚአብሔር ልጅ ታምናለህን አለው። ሰውየው አሁንም ጠያቂ ነው። «ጌታ ሆይ፥ በእርሱ አምን ዘንድ ማን ነው?» ይላል። ጌታ ጥያቄህ በዛ አላለውም። አይተኸዋል፣ ከአንተ ጋር የሚናገረው እርሱ ነው አለው።

ሰኞ ጠዋት ለዚያች እናት ደወልኩላት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ቁጥር ሦስትን ቀስ ብዬ አነበብኩላት። «ድገሚልኝ... ማለቴ ይድገሙልኝ» አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። ደገምኩላት። ዝም አለች። ቆይታ «ታዲያ ልጄ ለምን እንዲህ ሆነ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ቅዳሜ ልጁን ላየው እሄዳለሁ። ወንድሟም እንደሚኖር ነግራኛለች።