በጥሪ ብቻ የሚሰጥ የአየር መንገድ ደረጃ እንዴት ይገኛል?

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ደጋግመው ይጠይቃሉ፦ «ይህን ያህል እየበረርን ለምን አንጋበዝም?»

ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም የሆነው የሼባ ማይልስ ደረጃዎች፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም መስፈርታቸው የታወቀ ነው፤ ያሟላ ያገኛቸዋል። በጥሪ የሚሰጠው ግን ሌላ ነው፤ የአሜሪካኖቹ አየር መንገዶች የዩናይትድ «ግሎባል ሰርቪስስ» እና የዴልታ «360» ከዚህ ወገን ናቸው። ማመልከቻ የላቸውም፣ ሙሉ መስፈርታቸውም አይገለጽም። ይህ እርግጥ ነው።

የሚለያየው መመዘኛው ነው። አንዱ አየር መንገድ የተከፈለውን ገንዘብ፣ ሌላው ከድርጅት ጋር ያለውን ውል ያያል። የአውስትራሊያው አየር መንገድ ቃንታስ የክብር ማረፊያ ክፍል «ቼርማንስ ላውንጅ»ማ ፖለቲከኞችንም ይጋብዛል፤ እዚያ ብዙ መብረር ብቻውን አያስገባም።

ለምሳሌ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአየር 220 ማይል እንኳ አይሞላም። በርካሽ ትኬት በየሳምንቱ ከሚመላለስ ሰው ይልቅ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ በሙሉ ዋጋ ቢዝነስ ክላስ ጓንዡ የሚሄደው የበለጠ ገቢ ሊያስገባ ይችላል።

በገንዘብ የተገዛ ማይልም (የፕሮግራሙ ነጥብ) አብዛኛውን ጊዜ ለነጻ ትኬት እንጂ ለደረጃ አይቆጠርም። ደግሞ የትኬት ወኪሉ የአባልነት ቁጥራችሁን ካላስገባ ጉዞው በራሱ አይመዘገብላችሁም፤ ማስረጃ እንዲሆናችሁ ማይሉ ገብቶ እስክታዩ ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ።