አውሮፕላኑን የሚያበረው ማን ነው?

ጎሮ ወይም ቦሌ አራብሳ የሚኖር ሰው አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ማለቱ አይቀርም። ወሬውም አብሮ ይነሳል። ከሚባለው ውስጥ ግን ልክ ያልሆነ ብዙ አለ።

«አንዴ ከተነሳ ፓይለቱ ሥራ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ይበቃል።»
ያ ኮምፒውተር፣ አውቶፓይለት የሚባለው፣ የሚሠራው የታዘዘውን ነው። ከፍታው፣ አቅጣጫውና ፍጥነቱ ይነገረዋል። እሱ ሴንሰሮቹ (መለኪያዎቹ) የሚሉትን ከትእዛዙ ጋር ያመሳክራል፤ ልዩነት ካየ ያርማል። ይህንኑ ያለማቋረጥ ይደጋግማል። ከባድ ደመና ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ውሳኔው የአብራሪዎቹ ነው።

«ከተንገጫገጨ ከቁጥጥር ውጭ ሆኗል።»
አልሆነም። አየሩ ነው የተናወጠው። ክንፉም እንዲተጣጠፍ ሆኖ ነው የተሠራው።

«በረራ 302 የወደቀው አብራሪዎቹ ስላልቻሉበት ነው።»
ይህን ዛሬም የሚል አለ፤ ስሰማው ያመኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ በተነሳ በ6 ደቂቃ ገደማ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበረው። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ወደ ታች ይገፋዋል። ይህን ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች የሚያምነው ግን አንዱን ብቻ ነበር። ሴንሰሩ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ ኤምካስ አመነው። አብራሪዎቹ ሲጎትቱ እሱ ደጋግሞ ገፋ። የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ ቆርጠው ክንፉን በእጅ ለመመለስም ሞክረው ነበር፤ እምቢ አላቸው። ከዚያ ከወራት በፊት ላየን ኤር የሚባል አየር መንገድ ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ ሶፍትዌር የተነሳ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በኋላ ኤምካስ ተለወጠ። አሁን ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ አይገፋም። ጥፋቱ የአብራሪዎቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሽኑን መለወጥ ለምን አስፈለገ?

«ሳተላይቱን እንጦጦ ተቀምጠው እንደ መኪና ይነዱታል።»
የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 በታኅሣሥ 2012 ከቻይና ሲወነጨፍ ብዙዎቻችን ያሰብነው እንዲህ ነበር። በዝቅተኛ ምህዋር ያለ ሳተላይት መሬትን በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይዞራል። እንደ እንጦጦው ያለ የምድር ጣቢያ የሚያገኘው በላዩ ሲያልፍ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ያኔ ትእዛዝ ይላክለታል፤ ያነሳው ምስል ይወርዳል። ቀሪውን ጊዜ ራሱን የሚቆጣጠረው ራሱ ነው። እዚያ አየር ስለሌለ የጅራት መሪ አይሠራም። ብዙ ሳተላይቶች አቅጣጫቸውን የሚቀይሩት ውስጣቸው በሚሽከረከሩ ጎማዎች ነው፤ ጎማው ወደ ቀኝ ሲፈጥን አካላቸው ወደ ግራ ይዞራል። ወዴት እንደዞሩ የሚያውቁት ደግሞ በካሜራ የከዋክብትን አቀማመጥ አይተው ነው። የጎማው ፍጥነት ጣሪያ ሲነካ የመሬትን ማግኔታዊ ኃይል ተጠቅመው ፍጥነቱን ይቀንሱታል።