ስለ አእምሮ ለሕዝብ የሚሰጡ ገለጻዎች በጅማ

በጅማ ከተማ ስለ አእምሮ፣ ስለ ማየትና መስማት፣ ስለ ሰው ባሕርይ ለሕዝብ የሚሰጠው ትምህርት ዋና ምንጩ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ ሲሆን ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ይዟል። ስለዚህ ትምህርቱ በአዳራሽ ብቻ አይወሰንም። ታካሚዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በሬዲዮም ይሰጣል። የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን በሚከበርበት በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ርዕሰ ጉዳዩ ጎላ ብሎ ይነሳል።

ስለ አስተያየት፣ ማለትም ዓይን ያየውን አእምሮ እንዴት እንደሚተረጉመው ለማስረዳት፣ ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻም። ጅማ ዋና ከተማው በነበረችው በቀድሞው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ይኖሩ ከነበሩ የሜኢኒት ሰዎች ጋር የተሠራ ጥናት አለ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ሥዕል የማየት ልምድ አልነበራቸውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴሬጎውስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት በዚህ ጥናት የዱር እንስሳት ሥዕል የቀረበላቸው በወረቀት ሳይሆን በሻካራ ጨርቅ ላይ ነበር። ወረቀት እንግዳ ነገር ስለነበረ ቀደም ሲል የተሰጣቸው ሰዎች ሥዕሉን ትተው ወረቀቱን ይዳብሱና ያሸቱ ነበር። ጨርቁ ላይ ግን ብዙዎቹ እንስሳውን ለዩት። አንዳንዶቹ ጅራቱን፣ እግሩን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ በጣት እያመለከቱ ነው የደረሱበት። የማስተዋል ችሎታ አላነሳቸውም፤ የጎደለው ልምድ ብቻ ነው። ይህን ጥናት «ኋላ ቀርነትን» ለማሳየት የሚጠቅስ ተናጋሪ ትርጉሙን ገልብጦታል።

ተመሳሳይ ጉዳይ በሕፃናት እድገት መለኪያ ላይም ይታያል። ዴንቨር 2 የተባለው የአሜሪካ መመዘኛ 125 ጥያቄዎች አሉት። ከነዚህ አንዱ ሕፃኑ ራሱ ሲሪያል (ከወተት ጋር የሚበላ የታሸገ የቁርስ እህል) ማዘጋጀት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የጅማን ልጅ ቅልጥፍና ሳይሆን የቤቱን የቁርስ ዓይነት ነው የሚለካው። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን መመዘኛውን ከአካባቢው ኑሮ ጋር አጣጥሞ «ዴንቨር 2 ጅማ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2016 ለኅትመት አብቅቶታል። ለወላጆች በሚሰጥ ገለጻ ይህ ሥራ ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ በፊት መቅረብ ይገባዋል።

በጅማ ስለ ባሕርይ ተነጋግሮ ጫትን መዝለል አይቻልም። በእርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል መጠን ከፍ በማድረግ ምርቃናውን ያመጣል፤ እንቅልፍ ማጣቱም ከዚሁ ይመጣል። ገለጻው ለአድማጭ ቅርብ የሚሆነው ግን «በርጫ»፣ «ሐራራ»፣ «ጨብሲ» በሚሉት የቃሚው የራሱ ቃላት ሲጀምር ነው። ተግሳጽ ብቻ ይዞ የመጣ ባለሙያ ወጣቶችን ያሸሻል።

የአእምሮ ሕመምን በተመለከተ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ወይም ዱዓ ወደሚያደርጉ የሃይማኖት አባት ነው። ጥሩ ተናጋሪ ይህን አይነቅፍም፤ ጸሎቱ ሳይቋረጥ መድኃኒቱም እንዲወሰድ ይመክራል። ንግግሩ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይካሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ይቀላቀላሉ። በሰው ፊት ስለ ቤተሰቡ ሕመም መጠየቅ የሚከብደው ስለሚበዛ፣ ተናጋሪው ገለጻውን እንደጨረሰ ቶሎ ባይሄድ ይመረጣል፤ እናቶች ስለ ልጃቸው የሚጠይቁት ያኔ፣ ለብቻ ቀርበው ነው።