የጂአርኢ «ባዶ ቦታ ሙላ» ጥያቄ ምንድን ነው?

ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ብሎ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን የመግቢያ ፈተና፣ ጂአርኢን፣ ሊፈተን የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። የሆነ አንድ ሺህ የእንግሊዝኛ ቃል የያዘ ዝርዝር ያወርዳል። ከ«ኤ» ጀምሮ ሽምደዳ ነው። «ዲ» ላይ ሲደርስ «ኤ» ጠፍቷል። እንደምንም ጨርሶ ልምምድ ሲከፍት ደግሞ የሸመደዳቸው ቃላት ምርጫው ላይ ተደርድረው እያያቸው ጥያቄውን ይስታል። ትርጉሙን ያውቀዋል እኮ! ችግሩ ጥያቄው በዋናነት የቃል ፍቺ የሚጠይቅ አለመሆኑ ነው።

በፈተናው የቨርባል፣ ማለትም የቋንቋ፣ ክፍል ባዶ ቦታ የሚያስሞሉ ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ቴክስት ኮምፕሊሽን ይባላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ወይም አጠር ያለ አንቀጽ ይሰጣችሁና ከአንድ እስከ ሦስት ቦታ ክፍት ይተዋል። ክፍቱ አንድ ከሆነ አምስት ምርጫ አለው፤ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ምርጫ። ሁለተኛው ሴንተንስ ኢኩቫለንስ ነው። ክፍት ቦታው አንድ፣ ምርጫው ስድስት፣ መልሱ ግን ሁለት ቃል። ሁለቱም ቃላት ቦታው ላይ ሲገቡ ዓረፍተ ነገሩ ተቀራራቢ ሐሳብ ማስተላለፍ አለበት።

በሁለቱም ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ሦስት ክፍት ካለው ጥያቄ ሁለቱን በትክክል ሞልታችሁ አንዱን ከሳታችሁ የምታገኙት ዜሮ ነው። ዝም ብሎ የገመተ ሰው ሦስቱንም የማግኘት ዕድሉ ከ27 አንድ ነው። በሴንተንስ ኢኩቫለንስ ደግሞ ከ15 አንድ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 ትልቅ ለውጥ እስኪያደርግ ድረስ የተቃራኒ ቃል ጥያቄ ነበር። አንድ ቃል ብቻውን ይሰጥና ተቃራኒው ይጠየቃል፤ ዙሪያው ምንም ዓረፍተ ነገር የለም። ለዚያ ሽምደዳ ጥሩ ያዋጣ ነበር። ያ ጥያቄ ከወጣ ቆይቷል፤ የሽምደዳው ልማድ ግን እስካሁን ከተፈታኙ ጋር አለ።

አሁን መልሱ የሚገኘው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ነው። ይህን ተመልከቱ፦ «ተቺዎች ልብ ወለዱን ____ ቢሉትም፣ የተገኙት ረቂቆች ደራሲዋ እያንዳንዱን ገጽ ደጋግማ እየሰረዘች እንደጻፈችው ያሳያሉ።» ምርጫ አልሰጠኋችሁም። ግን ክፍቱ ቦታ ላይ ምን እንደሚገባ ገብቷችኋል፤ «በጥድፊያ የተጻፈ» ወይም «ጥንቃቄ የጎደለው» የመሰለ ነገር። እንዴት አወቃችሁ? «ቢሉትም» የሚለው ሐሳቡን ገለበጠው። «ደጋግማ እየሰረዘች» የሚለው ደግሞ ምን እንደተገለበጠ ነገራችሁ። «አሰልቺ» የሚል ምርጫ ቢኖር ለልብ ወለድ ትችት የሚመች ቃል ስለሆነ ብዙ ሰው ይሸውዳል። ግን መሰልቸትን የሚነካ አንድም ፍንጭ እዚያ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ይውጣ።

ልምምዱም እንደዚሁ ነው የሚሠራው። ምርጫዎቹን በእጃችሁ ወይም በወረቀት ሸፍኑ። ዓረፍተ ነገሩን አንብቡና የራሳችሁን ቃል ጻፉበት፤ በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ለጀማሪ በአማርኛ ቢሆን ይሻላል፣ ምክንያቱም ሐሳቡ በትክክል ካልገባችሁ በራሳችሁ ቋንቋ ማስመሰል አይቻልም። ከዚያ ምርጫውን ግለጡና ከጻፋችሁት ጋር የሚቀራረበውን ፈልጉ። ክፍቱ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ከመጀመሪያው መጀመር ግዴታ አይደለም። ፍንጩ ግልጽ ከሆነው ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሁለተኛው ቦታ መልስ የመጀመሪያውን ይከፍተዋል። ሥርዓተ ነጥብም አትናቁ። በእንግሊዝኛ ኮለን (:) ካያችሁ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የፊተኛውን የሚያብራራ ነው፤ ማለትም ፍንጩ እዚያ ተቀምጧል።

ሴንተንስ ኢኩቫለንስ የራሱ ወጥመድ አለው። ለምሳሌ፦ «ንግግሩ ____ ስለነበር አድማጮቹ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ማዛጋት ጀመሩ።» ምርጫዎቹ፦ አሰልቺ፣ ግልጽ፣ ቁጣ የተሞላ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ፣ የማያሻማ፣ አወዛጋቢ። ተመሳሳይ ጥንድ ለማግኘት ብቻ የሚሮጥ ሰው «ግልጽ» እና «የማያሻማ» ላይ ዘሎ ይወጣል፤ እውነትም ተመሳሳይ ናቸው፣ ግን ግልጽ ንግግር ማንን ያዛጋል? ሆን ተብለው የገቡ ናቸው። በተገላቢጦሽ ደግሞ ለቦታው በጣም የሚስማማ ግን አጣማጅ የሌለው ቃል ሊኖር ይችላል። እሱንም መተው ነው፣ ቢያጓጓም።

ታዲያ ቃላት ማጥናት ይቅር ማለት ነው? በጭራሽ። ፍንጩን አግኝታችሁ አምስቱም ምርጫ ባዕድ ከሆነባችሁ ምን ይፈይዳል? ግን ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ አጥኑት። በቀን ጥቂት ያዙ፤ ነገም ከሳምንት በኋላም ተመለሱበት። በጣም የምታውቋቸውን ቃላትም ጠርጥሩ፤ «ኳሊፋይ» እዚህ ፈተና ላይ ብቁ መሆን ሳይሆን አንድን አባባል መገደብ ሊሆን ይችላል፣ «ፍላግ»ም ባንዲራ ሳይሆን መድከም። እኔ በበኩሌ ከከባዶቹ ቃላት ይልቅ እነዚህ ናቸው የሚያናድዱኝ።

ከልምምድ በኋላ ያለው ሥራ ከልምምዱ ይበልጣል። የሳታችሁትን ሁሉ ሁለት ቦታ ክፈሉት፦ ቃሉን ባለማወቅ የሳታችሁት፣ እና ቃሉን እያወቃችሁ ዓረፍተ ነገሩን ባለመረዳት የሳታችሁት። ሁለተኛው ከበዛ ሌላ የቃላት ዝርዝር ማውረድ ዋጋ የለውም፤ ረጃጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፎችን ማንበብ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ለልምምድ ደግሞ መጀመሪያ ራሱ ኢቲኤስ ያዘጋጃቸውን ጥያቄዎች ተጠቀሙ። ፓወርፕሬፕ የሚባለው መለማመጃው ላይ ሁለት ሙሉ ፈተና በነጻ አለ። በየቦታው የሚገኙ አንዳንድ ጥያቄዎች ብርቅ ቃል ይደረድራሉ እንጂ ፍንጩን በወጉ አያስቀምጡም፤ ግምት ያስለምዷችኋል።

ሰዓቱ ጠባብ ነው። ፈተናው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ካጠረ ወዲህ ቨርባል ሁለት ክፍል አለው፦ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ እና 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ። እዚያው ያሉት አንብቦ የመረዳት ምንባቦች ጊዜ ስለሚበሉ ለባዶ ቦታ ጥያቄ በአማካይ አንድ ደቂቃ ገደማ ብትመድቡ ጥሩ ነው። አልሆን ያለውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉት፤ ክፍሉ እስካልተዘጋ ድረስ መመለስ ይቻላል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፣ ስለዚህ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የቀረውን በግምትም ቢሆን ሙሉት።