«የግዛት ሴናተር» ማለት ምን ማለት ነው?

ስለ አሜሪካ ፖለቲካ በአማርኛ በሚጻፉ ዜናዎች ውስጥ «ሴናተር» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ያለ ማብራሪያ ስለሚቀመጥ፣ አንባቢው ሰውየው ዋሽንግተን ሆኖ ስለ ጦርና ስለ ውጭ ጉዳይ የሚመክር ነው ብሎ ይረዳል። ይሁን እንጂ ከ50ዎቹ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ አገረ ገዥና ሕግ አውጪ አካል አላቸው፤ ከነብራስካ በስተቀር የሁሉም ሕግ አውጪ በሁለት ምክር ቤት የተከፈለ ሲሆን የላይኛው ሴኔት ይባላል። የዋሽንግተኑ ሴኔት 100 አባላት ብቻ ሲኖሩት፣ የግዛት ሴናተሮች ግን ከሺ በላይ ናቸው። ወደ እኛ አገር ቢመለስ ለዚህ ሹመት የሚቀርበው የክልል ምክር ቤት አባልነት ነው እንጂ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሴኔት ይባል የነበረው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አይደለም።

የግዛት ሴናተር የሚመክረው ስለ ትምህርት ቤት በጀት፣ ስለ ወንጀል ሕግ፣ ስለ ፖሊስ አሠራርና ስለ መንገድ ነው፤ ይህም ለነዋሪው የዕለት ኑሮ ከዋሽንግተን ክርክር ይልቅ የቀረበ ነው። ሥራው በብዙ ግዛቶች የሙሉ ጊዜ ባለመሆኑ አባላቱ በጎን ሌላ ሙያ ይይዛሉ።

ልዩነቱን በአንድ ሰው ሕይወት ለማየት ሁለቱንም ማዕረግ የያዙትን ባራክ ኦባማን መውሰድ ይበቃል። ኦባማ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2004 ድረስ 59 አባላት ባሉት የኢሊኖይ ሴኔት የቺካጎን ደቡባዊ ክፍል ወክለው ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ስፕሪንግፊልድ ይመላለሱ ነበር፤ በዚያው ጊዜ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ ነበር።

ወደ መቀመጫው የደረሱበት መንገድ፣ ስለ እሳቸው ከሚነገረው የንግግር ችሎታ ይልቅ የደንብ ዕውቀት የታየበት ነው። የመቀመጫው ባለቤት አሊስ ፓልመር በ1995 ለኮንግረስ ተወዳድረው ሲሸነፉ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ለመመለስ ፈለጉ፤ ኦባማ ግን ዕጩነታቸውን አስመዝግበው ስለነበር አልለቅም አሉ። በኢሊኖይ ዕጩ ለመሆን በምርጫ ክልሉ የተመዘገቡ መራጮችን ፊርማ ማቅረብ ግዴታ ነው። የኦባማ ሰዎች የተፎካካሪዎቹን ፊርማ አንድ በአንድ መርምረው ተቃውሞ አቀረቡ፤ ፓልመር ራሳቸውን አገለሉ፣ የቀሩት ሦስቱም ከዝርዝሩ ተሰረዙ፣ ኦባማም ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት በ1996ቱ የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ብቻቸውን ቀረቡ። ሕጋዊ ነበር፤ የሚያስመሰግን ነበር ወይ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የሥልጣን ዘመኑ አቆጣጠርም ልብ ሊባል ይገባዋል። በኢሊኖይ አንድ የሴኔት መቀመጫ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለአራት፣ አንድ ጊዜ ለሁለት ዓመት ይመረጥበታል። የኦባማ የመጀመሪያ ዘመን አጭሩ ሆኖ በ1998 ዳግመኛ ተመረጡ፤ ቀጣዩ ምርጫ እስከ 2002 አይደርስም ነበር። ስለዚህ በ2000 የኮንግረስ አባሉን ቦቢ ረሽን ተገዳድረው 61 ለ30 በመቶ ክፉኛ ሲሸነፉ፣ የስፕሪንግፊልድ ወንበራቸው አልተነካም። ፓልመርን ከመድረኩ ያስወጣ ዓይነት ሽንፈት ኦባማን ያላስወጣው በአብዛኛው የቀን መቁጠሪያው ስለረዳቸው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ዕድልም አገዘቻቸው። በ2001 የምርጫ ክልሎች ካርታ ሲከለስ ፓርቲዎቹ ሊስማሙ ባለመቻላቸው ነገሩ በዕጣ ተወስኖ ለዴሞክራቶች ወጣ፤ በአዲሱ ካርታ የኦባማ ክልል በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ባለጸጎች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ጨመረ። በ2003 መጀመሪያ ፓርቲያቸው ሴኔቱን ሲቆጣጠር፣ ለስድስት ዓመት የአናሳው ወገን አባል የነበሩት ሰው የጤና ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። በግድያ ወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎች ምርመራ በድምፅ ወይም በምስል እንዲቀረጽ የሚያስገድደው ሕግ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው።

በኋላ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ተቀናቃኞቻቸው ያነሱባቸው ወደ 130 ጊዜ ያህል «ተገኝቻለሁ» ብለው ድምፅ መስጠታቸውን ነው። በኢሊኖይ አባላት ከድጋፍና ከተቃውሞ ሌላ ይህ ሦስተኛ ምርጫ አላቸው። ሕግ ለመጽደቅ 30 የድጋፍ ድምፅ ስለሚያስፈልገው «ተገኝቻለሁ» ማለት በውጤቱ ከተቃውሞ አይለይም፤ ሆኖም ለተመልካች እንደ መሸሽ ይታያል።

ኦባማ በኅዳር 2004 70 በመቶ ድምፅ አግኝተው ለዋሽንግተኑ ሴኔት ሲመረጡ የግዛት መቀመጫቸውን ለቀቁ። በኢሊኖይ እንዲህ የተለቀቀ ወንበር የሚሞላው በማሟያ ምርጫ ሳይሆን በምርጫ ክልሉ የፓርቲ ኃላፊዎች ሹመት በመሆኑ፣ ቦታውን ያገኙት ክዋሜ ራውል መጀመሪያ ሴናተር የሆኑት ያለ ሕዝብ ድምፅ ነው፤ እኚህ ሰው በ2018 የኢሊኖይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተመርጠዋል።