ስለ ስፔን የቤተሰብ ቀይ ወይን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፕሪዮራትን ልውሰድ። በስፔኗ ካታሎኒያ ውስጥ ያለ ተራራማ አካባቢ ነው፤ አባትና ልጅ ሆነው የሚያመርቱ ትናንሽ ጠማቂዎች ሞልተውበታል። ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ግን የሚወራው ወሬ ሌላ ነው።

«በትንሹ የተጠመቀ ማለት እንደ ጠላ ጓዳ ውስጥ የተጠመቀ ነው።» ኧረ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ ፕሪዮራት የሚል ስም እንዲጻፍ የወይኑ ዝርያም፣ ከአንድ ሄክታር የሚሰበሰበው መጠንም በደንብ የተወሰነ ነው፤ የሚቆጣጠር ምክር ቤትም አለ። ችግሩ ያለው «አነስተኛ ምርት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ስለዚህ ስንት ጠርሙስ እንደወጣ ጠይቁ። የተለመደው 225 ሊትር የሚይዝ በርሜል 300 ጠርሙስ ይሞላል፤ ሻጩ «ሦስት በርሜል ብቻ» ካላችሁ ሒሳቡን ራሳችሁ አስሉት።

«ውድ የሆነው ለስሙ ነው።» የስም ዋጋ የለውም አልልም። ግን መሬቱን እዩት። ዪኮሬያ ይሉታል፣ እንደ ገጽ እየተላጠ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውሃ ስለማይበረክትበት ሥሩ በስንጥቁ ውስጥ ወደ ታች ይሄዳል። ዳገቱ ትራክተር የማያስወጣ ስለሆነ ዛሬም በበቅሎ የሚያርሱ አሉ፣ ለቀማው ደግሞ በእጅ ነው። ጋርናቻና ካሪኛና የሚባሉት የቀይ ወይን ዝርያዎች ያረጀ ተክላቸው አንዳንዴ አንድ ኪሎ ፍሬ እንኳ አይሰጥም። አንድ ጠርሙስ ደግሞ ከኪሎ በላይ ይፈልጋል። በሉ እንግዲህ፣ ዓመት ሙሉ የተለፋበት አንድ ተክል አንድ ጠርሙስ አልሞላም ማለት ነው!

«የቤተሰብ ከሆነ ጥንታዊ ነው።» ወይን እርሻው አዎ፤ መነኮሳት ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አልምተውታል። ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ አወደመው፣ ሰዉም ተሰደደ። ዛሬ የሚወራለት ፕሪዮራት የተነሳው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጥቂት ሰዎች አሮጌ ማሳ ገዝተው ሲገቡ ነው። ስለዚህ ብዙ ቦታ ተክሉ ከጠማቂው ቤት በዕድሜ ይበልጣል።

«ግራን ሬዘርቫ ያለበት ይበልጣል።» ቃሉ የሚቆጥረው ጊዜ ነው። ሪዮሃ በሚባለው ሌላ የስፔን የወይን አካባቢ ቀይ ወይን ይህን ስም ለማግኘት ቢያንስ 5 ዓመት መቆየት አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 2ቱን በርሜል ውስጥ። ደካማ ወይን 5 ዓመት ቢቀመጥ ያረጀ ደካማ ወይን ነው የሚሆነው። ብዙ ትናንሽ ጠማቂዎች ቃሉን ጭራሽ አይጽፉትም።

«ጣፋጭ ካልሆነ ተበላሽቷል።» ይሄ በአክሱሚት የለመደ አፍ ነው። ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ ነው እንጂ ምንም አልሆነም።

«አተላ አለው፣ መልሱት።» ሳይጣራ የታሸገ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱን አቁማችሁ አቆዩትና ቀስ ብላችሁ ቅዱ።

«ራሴን የሚያመኝ ሰልፋይቱ ነው።» ሰልፋይት ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ነው። በአውሮፓ ሕብረት ደንብ ስኳር የሌለው ቀይ ወይን በሊትር እስከ 150 ሚሊግራም ነው የሚፈቀድለት፣ ነጩ ግን 200። ነጭ ሲጠጣ የማያመው ሰው ሰልፋይትን ባይከስ ይሻላል። የፕሪዮራት ወይን ብዙ ጊዜ አልኮሉ 14 እና 15 በመቶ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው፣ በተለይ ሦስተኛውን ብርጭቆ።

«ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም።» ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው የሚመቸው። ቤታችሁ ሞቃት ከሆነ ከመክፈታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ አስገቡት።