የግራንድ ናሽናልን አሸናፊ ካለፉት ዓመታት ውጤት መገመት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግራንድ ናሽናል በእንግሊዝ ሊቨርፑል አጠገብ፣ ኤይንትሪ በተባለው ሜዳ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚካሄድ የፈረሶች የረጅም ርቀት መሰናክል ውድድር ነው። ርቀቱ 6.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ፈረሶቹ ሜዳውን ሁለት ጊዜ እየዞሩ 30 መሰናክል ይዘላሉ። የእነ ለሜቻ ግርማ የ3,000 ሜትር መሰናክል ሩጫም የመጣው ከዚህ ዓይነቱ የፈረስ ውድድር ነው።

ውድድሩ ሃንዲካፕ ነው። ጠንካራ የተባለው ፈረስ ከባድ ክብደት፣ ደከም ያለው ደግሞ ቀለል ያለ ይሸከማል፤ ጋላቢውና ኮርቻው አንድ ላይ ተመዝነው ካነሰ እርሳስ ይጨመርበታል። ክብደቱን የሚመድበው ባለሙያ ዓላማው ሁሉም ፈረሶች እኩል እንዲገቡ ማድረግ ስለሆነ አሸናፊውን መገመት ከባድ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው «ባለፉት 10 ዓመታት ያሸነፉት ምን ያመሳስላቸዋል?» ብሎ ዝርዝር የሚያወጣው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ያለው አመላለሱ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከ11 ስቶን በላይ የተሸከመ አያሸንፍም»

ከሁሉም የታወቀው ደንብ ይህ ነው፤ በዘመኑ ደግሞ እውነት ነበር። 11 ስቶን 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ኮርቢየር በ1983 11 ስቶን ከ4 ፓውንድ ተሸክሞ ካሸነፈ ወዲህ፣ ሄጅሃንተር በ2005 በ11 ስቶን ከ1 ፓውንድ እስኪያሸንፍ ድረስ ከ11 ስቶን በላይ ይዞ ቀድሞ የገባ ፈረስ አልነበረም። በ1988 ያሸነፈው ራይም ኤን ሪዝን ልክ 11 ስቶን ነበር የያዘው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንይ። ከ2009 እስከ 2012 በተከታታይ ያሸነፉት አራቱም ፈረሶች 11 ስቶን ወይም ከዚያ በላይ ይዘው ነበር። ሜኒ ክላውድስ በ2015 በ11 ስቶን ከ9፣ ታይገር ሮል በ2019 በ11 ስቶን ከ5፣ አይ አም ማክሲመስ በ2024 በ11 ስቶን ከ6፣ ኒክ ሮኬት በ2025 በ11 ስቶን ከ8 ፓውንድ አሸንፈዋል። በ2025 ሁለተኛ የወጣው አይ አም ማክሲመስ ደግሞ ከተሰለፉት ሁሉ ከባዱን ክብደት የያዘው ፈረስ ነበር።

ምን ተለወጠ? ቢያንስ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ክብደት መዳቢው ምርጥ ፈረሶች እንዳይቀሩ ሲል በእነሱና በታችኞቹ መካከል ያለውን ልዩነት አጠበበ። ሁለተኛ፣ ለመሰለፍ የሚፈለገው ደረጃ ከፍ አለ፤ ለምሳሌ በ2024 ለመግባት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ነጥብ (ባለሙያዎች ለፈረሱ አቅም የሚሰጡት) ከ125 ወደ 130 ተነሣ፣ የተሰላፊዎች ቁጥርም ከ40 ወደ 34 ወረደ። ቀላል ክብደት ይዘው ይገቡ የነበሩት ደካማ ፈረሶች ዛሬ በሩን አያልፉም። ሦስተኛ፣ ከ2013 ጀምሮ በመሰናክሎቹ ውስጥ የነበረው እንጨት በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ተተካ። በ2024 ጋላቢያቸውን የጣሉ ቢኖሩም አንድም ፈረስ አልወደቀም። የሚወድቀው ሲቀንስ ዕድለኛው ያነሰ፣ ጥራት ያለው ደግሞ የበዛ ቦታ ያገኛል።

የድሮው ደንብ ሌላም ጉድለት ነበረበት። ከ40 ተሰላፊ 30ዎቹ ከ11 ስቶን በታች የሚሸከሙ ቢሆን፣ ክብደት ምንም ለውጥ ባያመጣ እንኳ ከ22 ውድድር 16 ወይም 17ቱን እነሱ ያሸንፋሉ። ስለዚህ «ከአሸናፊዎቹ ስንቱ?» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግረንም። «ከተሰለፉት ስንቱ?» የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

«ዕድሜው ይህን ያህል መሆን አለበት»

በ2012 ኔፕቱን ኮሎንዥ፣ በ2013 ኦሮራስ ኢንኮር፣ በ2014 ፒኖ ደ ሬ አሸነፉ። ሦስቱም የ11 ዓመት ፈረሶች ነበሩ። በ2015 ጸደይ ላይ ይህን ይዞ ለተነሣ ሰው መልሱ ግልጽ ይመስል ነበር፦ ለዚህ ርቀት ልምድ ያለው አንጋፋ ፈረስ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ያሸነፉት በሙሉ ከ7 እስከ 9 ዓመት ያሉ ናቸው። ሦስት አሸናፊ አዝማሚያ አይባልም፤ ሦስት ጊዜ ሳንቲም ወርውሮ ሦስት ጊዜ ዘውድ ማግኘትም የተለመደ ነው።

የ7 ዓመቱ ጉዳይም ያው ነው። ከቦግስካር (1940) በኋላ ለ82 ዓመት በዚያ ዕድሜ ያሸነፈ አልነበረም። በ2022 ኖብል ዬትስ በ50 ለ1 ኦድ (ቢያሸንፍ አወራራጁ ለ1 ብር 50 ብር ትርፍ የሚከፍልበት ግምት) ዝርዝሩን ቀደደው። በእነዚያ ዓመታት የተሰለፉት የ7 ዓመት ፈረሶች ጥቂት ነበሩ፣ አብዛኞቹም የማሸነፍ ተስፋ የሌላቸው። ያልተሞከረ ነገር አልሆነም ማለት አይሆንም ማለት አይደለም።

ያም ሆኖ ዕድሜ ዋጋ የለውም አንልም። ወጣት ፈረስ ገና እየተሻሻለ ስለሆነ የተመደበለት ክብደት ከእውነተኛ አቅሙ ሊያንስ ይችላል። የ11 ዓመቱን ፈረስ ግን መዳቢው በደንብ ያውቀዋል። ምክንያቱ ይህ ስለሆነ የሚጠየቀው ዕድሜው ሳይሆን «ይህ ፈረስ ካለፈው ውድድሩ ወዲህ እየተሻሻለ ነው ወይ?» የሚለው ነው።

«ለረጅም ዘመን ያልሆነ ነገር አይሆንም»

ፈረንሳይ የተወለደ ፈረስ ከ1909 በኋላ ለ100 ዓመት አላሸነፈም፤ በ2009 ሞን ሞም በ100 ለ1 አሸነፈ፤ ከዚያ በ2012፣ በ2014 እና በ2024 ያሸነፉትም ፈረንሳይ የተወለዱ ናቸው። አየርላንድ የሠለጠነ ፈረስ ከ1976 እስከ 1998 አልቀናውም፤ ዛሬ ሜዳውን የያዙት አይሪሾች ሲሆኑ በ2025 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የገቡት ሦስቱም የአንድ አሠልጣኝ፣ የዊሊ ሙሊንስ፣ ፈረሶች ነበሩ። በ2016 ያሸነፈው ሩል ዘ ወርልድ ከዚያ በፊት በዚህ ዓይነት መሰናክል አንድም ውድድር አሸንፎ አያውቅም ነበር። ሴት ጋላቢ አታሸንፍም የሚለውን ደግሞ ሬቸል ብላክሞር በ2021 በሚኔላ ታይምስ ላይ ሆና ዘጋችው።

«ማጣሪያ በበዛ ቁጥር አሸናፊው ጠርቶ ይወጣል»

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ነጥብ፣ የመጨረሻ ውድድሩ ከስንት ቀን በፊት እንደነበር፣ በ3 ማይል ማሸነፉ... እየተባለ እያንዳንዱ ያላሟላው ፈረስ ይሰረዛል። በወንፊት ላይ ወንፊት መደርደር ነው። መጨረሻ የሚቀሩት ሁለት ሦስት ፈረሶች ስለሆኑ ውጤቱ ሳይንስ ይመስላል።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። እያንዳንዱ ማጣሪያ ካለፉት አሸናፊዎች 80 በመቶውን የሚያሳልፍ ይሁን፤ ጥሩ ማጣሪያ ነው። ሦስት ሲደረደሩ አሸናፊው ሁሉንም የማለፍ ዕድሉ 51 በመቶ፣ አምስት ሲሆኑ 33፣ ስምንት ሲሆኑ 17 በመቶ ይሆናል። ማጣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚዛመዱ ከሆነ ቁጥሩ ከዚህ ሊሻል ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ቆጥረናል ማለት ነው። ከስምንት ማጣሪያ ይልቅ ምክንያታቸው የታወቀ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ያላሟላውንም መሰረዝ ሳይሆን ነጥብ መቀነስ ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ ፍለጋው ራሱ ነው። ከውጤት ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው 20 ነገሮችን ብንፈትሽና እያንዳንዱ በአጋጣሚ «የሚሠራ» የመምሰል ዕድሉ 5 በመቶ ቢሆን፣ ቢያንስ አንዱ እንደሚሳካ የመታየቱ ዕድል 64 በመቶ ነው። የፈረሱ ስም ስንት ፊደል አለው የሚለውም በዚህ መንገድ «አዝማሚያ» ይሆናል።

«አሸናፊዎቹን ብቻ ማጥናት ይበቃል»

በዓመት አንድ አሸናፊ ብቻ ነው ያለው። በ1993 አነሣሡ ተበላሽቶ ውድድሩ ተሰረዘ፣ በ2020 በኮሮና ምክንያት አልተካሄደም። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡትን በሙሉ መያዝ ይሻላል፤ በአንገት የተቀደመ ፈረስ ከቀዳሚው ያን ያህል የተለየ ባሕርይ የለውም።

ከዚያ በላይ መሄድ ለሚፈልግ የሚከተለው ስሌት አለ። የእያንዳንዱን ፈረስ ኦድ ወደ ዕድል ይቀይሩ፦ 9 ለ1 ማለት 1 ሲካፈል ለ10፣ ማለትም 10 በመቶ ነው፤ 24 ለ1 ደግሞ 4 በመቶ። የተሰላፊዎቹን ሁሉ ሲደምሩ ከ100 በላይ ይመጣል፤ ትርፉ የአወራራጁ ነው። ድምሩ 140 ከሆነ እያንዳንዱን ለ1.4 ያካፍሉ። አሁን የሚፈትሹትን ቡድን፣ ለምሳሌ የ8 ዓመት ፈረሶችን፣ ዕድል በየዓመቱ ይደምሩ። የ10 ዓመቱ ድምር 2.2 ቢመጣና ከእነሱ ያሸነፉት 2 ቢሆኑ ገበያው አስቀድሞ አውቆታል፤ አዝማሚያው እውነት ቢሆንም ጥቅም የለውም። ያሸነፉት 4 ከሆኑ ግን ቆም ብሎ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ይህን ሥራ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው።

«ክብደት መዳቢው ሁሉንም አስተካክሏል፤ የቅርብ ውጤት አይጠቅምም»

ክብደቱ የሚታወጀው ፌብሩዋሪ ላይ ነው፤ ውድድሩ ኤፕሪል ላይ። በመካከል ፈረሱ ቢያሸንፍም የተመደበለት አይጨመርበትም። ኮራክ ራምብለር በማርች 2023 ቼልተናም በተባለው ሌላ ሜዳ ላይ ካሸነፈ በኋላ ነጥቡ ከፍ ቢልም ኤይንትሪ ላይ የተሰለፈው በድሮው ክብደት ነው፤ ልዩነቱ 10 ፓውንድ ያህል፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ግራም ነበር። በዚህ ርቀት 1 ፓውንድ በተለምዶ የአንድ ፈረስ ርዝመት ያህል ይቆጠራል። በ8 ለ1 አሸነፈ። ክብደቱ ከታወጀ በኋላ የተደረጉትን ውድድሮች መከታተል የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ለዝርዝሩ ሁሉ ደንታ ለሌለው ሰው እንኳ ይህ አንዱ ይበቃዋል።

«የድሮ ሰዓትና ሪከርድ ያግዛል»

ሚስተር ፍሪስክ በ1990 በደረቅ መሬት 8 ደቂቃ ከ47.8 ሰከንድ ገባ። ሬድ ማሮደር በ2001 በጭቃ 11 ደቂቃ ፈጀ፤ ከመስመሩ የደረሱት አራት ፈረሶች ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ ጋላቢያቸው ወድቆ ዳግም የተጫነባቸው ነበሩ። ወድቆ ዳግም መጫን ዛሬ የተከለከለ ነው፤ መሬቱም እንዳይደርቅ ውኃ ያጠጡታል። ስለዚህ ፈረሱ ለስላሳ መሬት ላይ ምን እንዳደረገ ማየት ከሪከርዱ ይበልጣል። ዝናቡ የሚወስነው ስለሆነ የመሬቱን ሁኔታ በውድድሩ ጠዋት ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

«ፌቨሪት አያሸንፍም»

ሄጅሃንተር በ2005፣ ታይገር ሮል በ2019 እና ኮራክ ራምብለር በ2023 ፌቨሪት (ዝቅተኛው ኦድ የተሰጠው፣ ያሸንፋል ተብሎ ከሁሉ በላይ የሚጠበቅ ፈረስ) ሆነው አሸንፈዋል፤ አይ አም ማክሲመስም በ2024 ከሌላ ጋር እኩል ፌቨሪት ነበር። የ33፣ የ50፣ የ66 እና የ100 ለ1 ፈረሶችም አሸንፈዋል። 8 ለ1 የተሰጠው ፌቨሪት ራሱ በአወራራጁ ግምት ከዘጠኝ ጊዜ ስምንቱን ይሸነፋል።